ሲይዙት ያደናግር

ድራም መምታት አልችልም። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም ድሬ ዳዋ ውስጥ ከሚያውቁኝ ሰዎች ግማሾቹ የሚያስተዋውቁኝ «ይሄ እኮ ድራመር ነው» እያሉ ነው። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ «ትንሽ ትንሽ» እላለሁ። አባባሌ ትሕትና ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን የችሎታዬ ትክክለኛ ልክ ነበር፤ ብቻ ሰሚው እንደ ትሕትና እንዲወስደው አድርጌ ነበር የማወጣው።

መምታቱ ባይሆንልኝም ስለ ድራም ማውራት ላይ የሚስተካከለኝ የለም። በርጫ ላይ፣ ጫት ሲቃም፣ «ኤሌክትሮኒክ ድራም ይሻላል ወይስ አኮስቲክ?» የሚል ጨዋታ ከተነሣ ዳኛው እኔ ነኝ። የተሳካለትን የባስ ድራም ፔዳል ሉድዊግ አሜሪካ ውስጥ በ1909 እንደሠራው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አንዱ ባሱን ሌላው ስኔሩን ይዞ ለየብቻ ይመታ እንደነበር አስረዳለሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ሮላንድ ቲአር-808 የተባለውን የድራም ማሽን በ1980፣ ሲመንስ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ኤሌክትሮኒክ ድራም በ1981 እንዳወጡ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። ሰው ዝም ብሎ ይሰማኛል። ጉንጩ ሞልቶ የሚከራከር የለማ!

ምርቃናው ከፍ ሲል ደግሞ ታሪክ መፍጠር እጀምራለሁ። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የአገራችንን የማርሽ ባንድ መሠረት እንዳቆሙ የታወቀ ነው። የዚልጂያን ሲምባልም በ1623 ቁስጥንጥንያ ውስጥ አቬዲስ ከሚባል አርመናዊ እጅ እንደተጀመረ የታወቀ ነው። እኔ ሁለቱን አርመኖች አጋባኋቸውና «ወላሂ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው ዚልጂያን ሲምባል የተራገፈው እዚሁ ድሬ ባቡር ጣቢያ ነው» ብዬ አረፍኩት። ማስረጃ አልነበረኝም። የነበረኝ ጫት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህንኑ ወሬ ከዚራ ሰፈር ቡና ስጠጣ ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት፤ አንድ የነበረው ሲምባል በእሱ አፍ ሦስት ሆኗል። አላረምኩትም። እንዲያውም «እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያ ድራሜ አኮስቲክ ነበር። ከፈረሰ የሆቴል ባንድ የተረፈ ነው። ባስ ድራም፣ ስኔር፣ ሁለት ቶም፣ አንድ ፍሎር ቶም፣ ሃይ ሃት፣ ራይድ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ ክራሽ፣ መቀመጫው ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር። ያን ጊዜ የምኖረው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር በኩል፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። የድሬን ግቢ የሚያውቅ የሚቀጥለውን ይገምታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። አኮስቲክ ድራም ደግሞ ተቀምጦ ለሚመታው ሰው ጆሮ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ የሁለት ሰው ወሬ 60 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠዋት አይመታም፤ የሌሊት ተረኛ የሆነው የፋብሪካ ሠራተኛ ይተኛል። ቀትር ላይ አይመታም፤ ሱቁም ሰዉም ዘግቶ ያርፋል። ከሰዓት በኋላማ በርጫ ነው፤ በበርጫ ሰዓት ስኔር የሚመታ ሰው ድሬ ውስጥ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይሄድም። ማታ ሰላት አለ፣ ዜና አለ፣ ሕፃን አለ። ሌሊት ሁሉም ግቢው ውስጥ ከዋክብት እየቆጠረ ተኝቷል።

እንግዲህ የሚመታበት ሰዓት የለም ማለት ነው። ይህን ስደርስበት የተሰማኝን ደስታ ልደብቅ አልችልም። ድራም ያለው፣ መምታት የሚፈልግ፣ ለጎረቤት ሲል ግን ራሱን የሚገታ ጨዋ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ያለ አንድ ሰዓት ልምምድ የድራመር ክብር ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

ያበላሸችብኝ የግቢያችን ሳምቡሳ ጠባሽ ናት። አንድ ቀን ክራሹ ላይ ያሰጣሁትን ፎጣ አየችና «አንተ፣ አቦ ይሄን ነገር የገዛኸው ልብስ ልታሰጣበት ነው እንዴ? ለምን አትመታም?» አለችኝ። ለጎረቤት ስለማሰብ የተዘጋጀ ንግግሬን አቀረብኩላት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ማንንም ሳታማክር ከበር ወደ በር ዞራ፣ የሌሊት ተረኛውን ጭምር አስማምታ መጣች። «ቅዳሜና እሁድ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያንተ ነው። ማንም አይናገርህም። እንዲያውም ልጆቹ ሊያዩህ ጓጉተዋል» አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ክልከላ ነበር፤ እሷ ፈቃድ ይዛልኝ መጣች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወገቤን ያመኝ ጀመር። እሁድ እሁድ ደግሞ ለቅሶ አይጠፋም፤ ሩቅ ሰው ሲሞት እንኳ ቅርብ ዘመድ እየሆንኩ መድረስ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ድሮ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ድራም ይመታ የነበረ ሽማግሌ ወሬዬን ሰምቶ ሊያየኝ መጣ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ እኔም «ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት፣ የፕላስቲኩን ወንበር ሰጠሁትና እኔ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «ቀስ ብለህ አራት ምታልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። እኔ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ብዬ ከስኔር ወደ ቶም፣ ከቶም ወደ ፍሎር ቶም እየተንከባለልኩ ክራሹ ላይ ጨረስኩ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ አቧራውን ከፊቱ አባረረና «አራት ስጠኝ ብልህ አርባ ሰጠኸኝ፤ ቸርነትህ ወሰን የለውም» አለኝ።

ሁለተኛ ሞከርኩ። ቀስ ብሎ መምታት እንደሚያጋልጥ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ስትፈጥን ስሕተቱ በሚቀጥለው ምት ይሸፈናል፤ ስትዘገይ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ማንነትህ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሦስተኛዋ ምት ቀደመች፣ አራተኛዋ ዘገየች። ወዲያው «ሙቀቱ ነው» አልኩ። «የድሬ ሙቀት ቆዳውን ያላላዋል፣ ዱላውን አይመልስም።» ይህን ያልኩት በእውቀት ነው ለማለት ያህል ጥቂት ታሪክም ጨመርኩለት። በእርግጥ የድራም ፊት ጥንት የጥጃ ቆዳ ነበር፤ እርጥበት ሲነካው ይረግባል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። የእኛም ከበሮ ቢሆን ሲረግብ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ይሞቃል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን አሜሪካኖቹ የፕላስቲክ ፊት ሠርተው ይህን ጣጣ አቃለሉት። የእኔ ድራም ፊት ፕላስቲክ መሆኑን በንግግሬ መካከል ነው ያስታወስኩት፤ ግን ጀምሬ ስለነበር አላቆምኩም።

ሽማግሌው ተነሣ። ከኪሱ የድራም ቁልፍ አወጣ። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ አለ! ስኔሩን በጣቱ ዙሪያውን እያንኳኳ ሰማና ሁለት ብሎን አጠበቀ። «ይሄ የድሬ ሙቀት ብልህ ነው» አለኝ፤ «ከስንት ብሎን መርጦ ሁለቱን ብቻ ያላላል።» ከዚያ ቆሞ በአንድ እጁ አራት መታ። አራት ብቻ። ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች ልጅ ቢላዋዋ ሳታስበው ከእሱ ጋር መሄድ ጀመረ። እጄን ትቼ ሙቀቱን መክሰሴ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነበር፤ እኔ ግን ያን ዕለት የወሰድኩት ትምህርት ሌላ ነበር፦ አኮስቲክ ድራም ለእኔ እንደማይሆን።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ስገባ ምክንያት ተሟላልኝ። አኮስቲኩን ሸጥኩና ታይዋን ገበያ ዞሬ ዞሬ ኤሌክትሮኒክ ድራም አገኘሁ። ጥሩዎቹ ኤሌክትሮኒክ ድራሞች ሮላንድ በ1997 ካመጣው ጊዜ ጀምሮ መረብ የመሰለ ፊት አላቸው፤ ዱላውን እንደ ቆዳ ይመልሳል። ያ ተወደደብኝና ባለ ጎማውን ገዛሁ። ለሰው ስናገር «ጎማው ለእጅ ጥንካሬ ይረዳል» እላለሁ። ንፉግነትን ሙያዊ ማድረግ እችልበታለሁ።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ጎማው ስር ፒዬዞ የሚባል ትንሽ ዳሳሽ አለ። ስትመታው ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይርና ሞጁል ወደሚባለው የድራሙ አንጎል ይልካል። ሞጁሉ የምቱን ኃይል ይለካል፤ በሚዲ ቋንቋ ከ1 እስከ 127 ደረጃ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳ ድምፅ ተስማሚውን መርጦ ያጫውታል። ማለትም ከማዳመጫው የሚወጣው ስኔር የእኔ ስኔር አይደለም። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ፣ በደንብ በተቃኘ ድራም ላይ የመታው ነው። ማዳመጫውን ጓደኞቼ ጆሮ ላይ ሳደርግላቸው «አቦ ድምፁ!» ይሉኛል። «አመሰግናለሁ» እላለሁ፤ በዚያ ሰው ስም መሆኑ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም ያለ ሰው ኤሌክትሮኒክ ድራም አላየም።

ማዳመጫ አጥልቄ የምመታ ጊዜ እኔ ታላቅ ነኝ። ማንም አይሰማኝም፤ ይህ ለጎረቤት ጥሩ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከጥሩም በላይ ነው። አንድ የዘነጋሁት ነገር ነበር። ኤሌክትሮኒክ ድራም አየር ላይ ብዙ አይጮኽም እንጂ መሬት ላይ ይጮኻል። የባስ ፔዳሉ ግጭት ወለሉን ይዞ ይወርዳል። ከሥሬ የሚኖሩት ቤተሰብ የሚሰሙት እኔ የምሰማውን ባለ ብዙ ድምፅ ሙዚቃ አይደለም፤ ሙዚቃው ተገፍፎ የቀረውን ድው ድው ብቻ ነው። ማለትም ስኔሩም ሲምባሉም የማይሸፍነውን ባዶ የእግሬን ሰዓት አጠባበቅ። በዚህች ከተማ ውስጥ ትክክለኛውን ችሎታዬን የሰሙ ሰዎች ቢኖሩ እነሱ ናቸው። ትንሹ ልጃቸው ደረጃ ላይ አስቁሞኝ «ማታ ማታ ቡና የምትወቅጠው አንተ ነህ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ለክብሬ የሚሻለው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ የኤሌክትሮኒኩን ስም ማጥራት አለብኝ። በየበርጫው «ኤሌክትሮኒክ ድራም ውሸታም ነው፣ የማይችለውን የሚችል ያስመስላል» የሚሉ አሉ፤ እኔም ብያለሁ። ውሸት ነው። እንዲያውም ከሱ የበለጠ ጨካኝ መምህር አላየሁም። ሞጁሉ ውስጥ ክሊክ የሚባል ምት ቆጣሪ አለ። ክሊኩን ተከትለህ ስትመታ ቀደምክ ወይስ ዘገየህ ብሎ በስክሪኑ ላይ ያሳያል፣ መጨረሻ ላይም ነጥብ ይሰጣል። ሽማግሌው ቢያንስ በቀልድ አለስልሶ ነበር የነገረኝ፤ ይሄኛው ቀልድ አያውቅም። እኔ ሁልጊዜ እቀድማለሁ። ቢሮ ዘግይቶ የሚገባ፣ ሠርግ ላይ ምሳ ካለቀ በኋላ የሚደርስ፣ የቤት ኪራይ ሳይለመን የማይከፍል ሰው በሕይወቱ ውስጥ የሚቀድመው ድራም ላይ ብቻ መሆኑ ያስገርማል። ምን አደረግኩ? አጠፋሁት። ነጥብ መስጫውን ዘጋሁ፣ ክሊኩን ዘጋሁ፣ በስልኬ ዘፈን አስገብቼ የዘፈኑን ድምፅ ከፍ፣ የራሴን ዝቅ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ከዘፈኑ ጋር አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። መሣሪያው ራሴን የምሰማበት ብዙ መንገድ ሰጥቶኝ እኔ የመረጥኩት የማልሰማበትን ነው።

ሲያፋጥጡኝ የምመዘው ካርድ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነበር። «ኃይሉ መርጊያ እንኳ በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ይዞ ያንን ካሴት ሲቀዳ ድራመር አልያዘም፤ በማሽን ነው የሠራው። ዓለም ግን ወደደለት» እላለሁ። እውነት ነው። ካሴቱ በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ ታትሞ ዓለም ዞሯል፣ ሰውየውንም ወደ መድረክ መልሶታል። የምዘለው ክፍል ግን አለ። ኃይሉ መርጊያ ወደ ማሽኑ የሄደው ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ከተጫወተ በኋላ ነው። በ1977 የወጣው «ጨ በለው» ላይ ከኋላው ድራም የሚመታው ተማረ ሐረጉ ነበር። ማለትም ማሽኑን ከማዘዙ በፊት እውነተኛ ድራመር ምን እንደሚሠራ በሰውነቱ ያውቃል። ከዚያም በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። እኔ እሱን ምስክር አድርጌ የምጠራው ላለመለማመድ ነው። ቤቱ ውስጥ ድራም ተተክሎለት፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ኃይሉ መርጊያ የሚያወራ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ፤ መሸሽ ቢቻል ኖሮ እሸሽ ነበር።

የድሬ ሠርግ ባንድ ሥራው ቀላል አይደለም። ሙሽራው በአባቱ ኦሮሞ በእናቱ አማራ፣ ሙሽሪት ሐረሪ፣ ሚዜው ሶማሌ፣ ደጋሹ አጎት ጉራጌ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ማታ ውስጥ ሸጎዬም፣ ዳንቶም፣ የጉራጌውም፣ ችክችካውም መምጣት አለበት፤ አንዱ ከቀረ የቀረበት ወገን ያኮርፋል። በዚህች ከተማ አፍረን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው፣ ዓሊ ቢራም በልጅነቱ ከእነሱ ጋር የቆመው እንዲህ ባሉ ሠርጎችና በዓላት ላይ ነበር። የድሬ ሠርገኛ ጆሮ እዚያ የተማረ ነው። አንድ የማውቀው የኦርጋን ተጫዋች ድራመሩ ታሞበት ደወለልኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩት። «ይበቃል» አለኝ። ይህ ሰው በኋላ ለምን ሰላም እንዳላለኝ ይገባኛል።

ኤሌክትሮኒኩን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ይህ ከጥቅሞቹ አንዱ ነው፤ ተጣጥፎ ይገባል። አኮስቲኩ ቢሆን ሚኒባስ ያስፈልገው ነበር። አዳራሹ በአበባና በመብራት ተሞልቷል። ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ኦርጋኑ ጀመረ፣ እኔም በሙሉ ልቤ ስኔሩ ላይ አረፍኩ። ስኔሩ ግን ጭብጨባ ሆኖ ወጣ። ጣቴ ሳላውቀው የኪቱን፣ ማለትም የድምፅ ስብስቡን፣ ቁጥር ነክቶ ነበርና ሞጁሉ የ808ቱን ድምፅ አውጥቷል። ያ ማሽን ጭብጨባው ዝነኛ ነው። እኔ በመታሁ ቁጥር አዳራሹ በድምፅ ማጉያ ያጨበጭባል። እንግዶቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ «እንግዲህ ከተጀመረ» ብለው ተከተሉ። እኔ ስቀድም እነሱም ቀደሙ። ሙሽራይቱ በረጅም ቀሚሷ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም። የኦርጋኑ ልጅ ያየኝን አተያይ እዚህ አልጽፈውም።

ኪቱን አስተካክዬ ጥቂት ዘፈን ሄድን። ችክችካው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ምት ነው፤ ውበቱ በትላልቆቹ ምቶች መካከል በምትገባው፣ በማትጮኸው፣ ዱላው ዳሰስ አድርጎ በሚያልፋት ትንሽ ምት ነው። አኮስቲክ ስኔር ያችን ዳሰሳ ይሰማል። የእኔ ባለ ጎማ ርካሽ ፓድ ወይ ጨርሶ አይሰማትም ወይ እንደ ትልቅ ምት ይጮኽባታል። ጥሩ ድራመር የሞጁሉን ማስተካከያ ከፍቶ ስሜቱን ለእጁ ይቀርጸዋል፣ የከበሮ ድምፅ ከፈለገም ቀድቶ ይጭንበታል፤ ከፋብሪካ ሲመጣ የእኛ ከበሮ በውስጡ አልነበረምና። እኔ ያን የማስተካከያ ገጽ ከፍቼ አላውቅም። ስለሱ ግን በርጫ ላይ ሰፊ ገለጻ አድርጌያለሁ።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

ኦርጋኑ ጸጥ፣ ማይኩ ጸጥ፣ ቤዙ ጸጥ። እኔ ግን ደንግጬ ስለነበር አላቆምኩም። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ጎማ እየደበደበ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰማ። የስልክ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ቆምኩ። ያ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ በእነሱ ዘመን መብራት ሲጠፋ ድራምና ሳክስፎን ጭፈራውን ይዘው ይቆያሉ፣ ሕዝቡም መብራቱን አያስታውስም። አኮስቲክ ድራም ከሰው እጅ በቀር ምንም አይጠይቅማ።

ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ማን ይጠብቃል? የሙሽራው አክስት ከጓዳ አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ባዶ የዘይት ጀሪካን፤ እኔ ለሽማግሌው ወንበር ለቅቄ የተቀመጥኩበት ዓይነት። ጉልበቷ ላይ አስተኝታ በመዳፏና በጣቶቿ ጀመረችው። ያችን ዳሰስ የምታደርገዋን ትንሽ ምት አለች፤ በትክክል፣ ያለ ክሊክ፣ ያለ ሞጁል። ከሙሽሪት ወገን ደግሞ አንዲት ሴት ከራቡ የሚባለውን የሐረሪ ከበሮ አነሣች። እልልታው ቀለጠ፣ የማታውን ምርጥ ጭፈራ ያየነው ያኔ ነው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እኔም አጨብጭቤ ባመለጥኩ። አክስትየዋ ግን ደክሟት ዞር ስትል አየችኝ። «አንተ፣ ድራመሩ አንተ አይደለህ? ና እንካ፣ ያዛት!» ብላ ጀሪካኑን ሰጠችኝ።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ያዝኩት። ፓድ የለም፣ ኪት የለም፣ የማሳብብበት ብሎን የለም፣ ሙቀቱም ሲመሽ በርዶ ነበር። መታሁ። ጭፈራው ማርሽ እንደተሳሳተበት መኪና ተንገጫገጨ፤ ትከሻዎች አየር ላይ ቆሙ። አንድ ሕፃን ሳቀ። አክስትየዋ ጀሪካኑን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና «አንተ መብራት ያስፈልግሃል፣ አይደል?» አለችኝ። ከልቧ ነበር፤ ልታጽናናኝ ብላ ነው።

በማግስቱ ስለ ሠርጉ ለጠየቀኝ ሁሉ «መብራቱ ነው ጉድ የሠራን» አልኩ። «የሠራን» ብዬ በብዙ ቁጥር ማውራቴንም ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ በሁለቱም ስላፈርኩ ለመፍረድ የምበቃ ይመስለኛል። ግቢ ሰፊ፣ ጎረቤት ታጋሽ ከሆነ፣ ድራምን ከሥሩ መማር የፈለገ አኮስቲክ ይግዛ፤ ለስላሳውንና ኃይለኛውን እጅ የሚለየው እሱ ነው፣ በብሩሽ የሚጫወት ሰውም ጎማ ላይ ምንም አያገኝም። ጆሮውንም ይሸፍን፤ የድሮ ድራመሮቻችን ብዙዎቹ ጮክ ብለህ ካላወራህ የማይሰሙህ ያለ ነገር አይደለም። ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ሌሊት ብቻ ጊዜ የሚያገኝ፣ ቤቱ መቅዳት የሚፈልግ ኤሌክትሮኒኩን ይግዛ፤ መረብ ፊት ያለውን፣ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍና ጎማ አንጥፎ፣ ክሊኩን ሳይዘጋ። በአነስተኛ አዳራሽ ለሚጫወት ባንድ ደግሞ ድምፁን በቁልፍ መቀነስ መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ አኮስቲክን መቀነስ የሚችለው የድራመሩ እጅ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ይጠይቃል። መብራት የሚጠፋበት ሠርግ ላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ አንድ እውነተኛ ስኔር አብሮ ይያዝ።

የእኔው ለሽያጭ ቀርቧል። ባለ ጎማ ኤሌክትሮኒክ ድራም፣ ሁሉም ፓዶች ይሠራሉ፣ የባስ ፔዳሉ ትንሽ ይጮኻል፣ ሞጁሉ ላይ ነጥብ መስጫው እንደ አዲስ ነው፤ ያልተነካ። በዋጋው እንነጋገራለን። ሊያዩት የሚመጡ ሰዎችን ግን አንድ ነገር ላስቸግር፦ ቅዳሜና እሁድ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይምጡ፣ ስትመታ እንስማ ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ራሳቸው ይሞክሩት።